ዛፉን ከልደት በፊት አታንሡት፦ «ከጃንዋሪ 1 አይለፍ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ተብሎ የተጻፈ አንድ የበዓል ምክር ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብኩት። ጸሐፊው የገና ዛፍና ጌጣጌጥ መቼ ይነሣ ለሚለው ጥያቄ የማያሻማ መልስ ሰጥተዋል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ጃንዋሪ 1 ቀን ማታ ከቤት መውጣት አለበት ይላሉ። ስድስት ምክንያትም ደርድረዋል። በዓሉ አልፏል፤ ዛፉ ይደርቅና እሳት ያስነሣል፤ ዛፍ የሚሰበስበው የከተማው መኪና ያመልጣል፤ መብራቱ ገንዘብ ይበላል፤ ጌጥ ማቆየት ገደ ቢስ ነው፤ ደግሞስ ዛፉ ድሮውንም የእኛ አይደለም። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። ስለ እሳት የተናገሩት በተለይ ሊደመጥ የሚገባው ነው። መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ምክሩን ተቀብሎ ልደት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳሎኑን ባዶ ስለሚያደርግ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

«በዓሉ አልፏል»

ለማን ነው ያለፈው? ዲሴምበር 25 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው። ኅዳር 15 ቀን የገባው የነቢያት ጾም ያን ዕለት አልተፈታም፤ ሽሮውና ምስሩ ከገበታ አልተነሣም፤ የቁልቢ ገብርኤል በዓል እንኳ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ጸሐፊው የወሰኑት ጃንዋሪ 1 ደግሞ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው። በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ያም ሆኖ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 መሆኑ አይለወጥም። እንግዲህ ምክራቸውን የተቀበለ ሰው ዛፉን የሚያነሣው በዓሉ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ሙሽራው ሳይመጣ ዳሱን ማፍረስ ይሉታል ይህን።

ጸሐፊው ቀኑን ያጡታል ብዬ አላምንም። የእኛን ልደት በቤተ ክርስቲያን እንድናከብረው፣ የቤታችን ድምቀት ግን ከአገሬው ጋር እንዲሄድ የሚመክር አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው አልፈዋል። ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ አገር ተወልዶ የሚያድግ ልጅ የበዓሉን ቀን ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አይማረውም። ጃንዋሪ 7 ቀን ትምህርት ቤቱ አይዘጋለትም። ቴሌቪዥኑ ስለ ልደት መናገር ካቆመ ሰንብቷል። ሱቆች የገናውን ዕቃ በግማሽ ዋጋ ሸጠው በቦታው ለፌብሩዋሪ የፍቅረኞች ቀን የሚሆን ቸኮሌት መደርደር ይዘዋል። የጎረቤት ዛፎች መንገድ ዳር ተጋድመዋል። ጌታ የተወለደው ዛሬ መሆኑን ለልጁ ሊነግረው የሚችል የቀረ ነገር ቢኖር የራሱ ቤት መልክ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ጸሐፊው ቀድመን እንድናነሣው ይመክሩናል።

የልደትን ሌሊት ያየ ሁሉ የምለውን ያውቃል። ጃንዋሪ 6 ማታ ልጆች ነጠላ ለብሰው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። መዝሙሩ ሲጀመር ያጨበጭባሉ፤ ቅዳሴው ሳይጋመስ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አባት አንዱን ታቅፎ ሌላውን እየጎተተ ቤት ሲገባ፣ እናት አስቀድማ የሠራችውን ዶሮ ወጥ ታሞቃለች፤ ጾሙ ይፈታል። በዚያ ሰዓት ዓይኑን የሚገልጥ ልጅ ምን ያያል? ዛፉ ከተነሣ የሚያየው የዛፉ መቆሚያ ምንጣፉ ላይ ትቶት የሄደውን ክብ ምልክትና ሶፋው ሥር የቀሩ ጥቂት የደረቁ ቅጠሎችን ነው። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመት ሳይሞላት እናቷን «የእኛ ገና አልፎ የለም እንዴ? ዛፉ ወርዷል እኮ» ብላ ጠይቃት ነበር። ማንም በስሕተት አልነገራትም። ስጦታው ዲሴምበር 25 ተከፍቷል፣ ዛፉ ጃንዋሪ 1 ተነሥቷል፤ ሁለቱን አይታ ትክክለኛ ድምዳሜ ላይ ደርሳለች። እህቴ ከዚያ ዓመት ወዲህ ቢያንስ አንዱን ስጦታ ለጃንዋሪ 7 ታቆያለች፤ ዛፉንም ከጥምቀት ዋዜማ በፊት አትነካውም።

የጥምቀት ዋዜማ የሚለውን ቀን እኔም የምደግፈው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ፈረንጆቹ ራሳቸው ከልደት እስከ ኤጲፋንያ፣ ማለትም ከእኛ ጥምቀት ጋር እስከሚዛመደው የጃንዋሪ 6 በዓላቸው ያለውን ጊዜ እንደ አንድ በዓል የሚቆጥሩበት የቆየ ሥርዓት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ567 በፈረንሳይዋ ቱር ከተማ የተሰበሰበ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በሁለቱ በዓላት መካከል ያሉትን ቀናት የበዓል ቀናት አድርጎ አጽንቷቸዋል። ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 6 አሥራ ሁለት ቀን ነው። ከታኅሣሥ 29 ተነሥታችሁ እስከ ጥር 11 ቁጠሩ፤ ይኸውም አሥራ ሁለት ነው። በመካከሉ ጥር 6 ግዝረት ይውላል፤ ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። እነርሱ በዓላቸውን በኤጲፋንያ እንደሚዘጉ እኛም በጥምቀት እንዘጋለን። የሚገርመው ጸሐፊው እንከተለው ያሉትን የምዕራቡን ልማድ እንኳ አልተከተሉም፤ በምዕራቡ ሥርዓት ጃንዋሪ 1 የበዓሉ እኩሌታ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

ወደ ሌሎች አገሮች ብንሻገርም የምናገኘው ከዚህ የተለየ አይደለም። በቫቲካን በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የሚቆመው ዛፍ ከጃንዋሪ 6 በኋላ እስከሚውለው የጌታ ጥምቀት እሑድ ድረስ ይቆያል። ስዊድናውያን ዛፋቸውን የሚያወጡት ጃንዋሪ 13 በቅዱስ ክኑት ቀን ሲሆን፣ ልጆች ተሰብስበው ዛፉ ላይ የተሰቀለውን ከረሜላ እየበሉ ይሸኙታል። በፖላንድ እስከ ፌብሩዋሪ 2 የሚያቆዩት ብዙ ናቸው። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን ግን የጆርጂያ ነው። ጆርጂያውያን እንደ እኛ ልደትን ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 የሚያከብሩ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ከደረቀ የሐዝልነት እንጨት በቢላዋ እየላጉ የሚያበጁት፣ ልጩ እንደ ነጭ ጢም ወደ ታች የሚንዠረገግ ቺቺላኪ የሚባል ዛፍ አላቸው፤ በልማዳቸው በጥምቀት ዋዜማ ያቃጥሉታል፤ ያለፈው ዓመት መከራም አብሮት ይሄዳል ይላሉ። ዕለቱ የእኛ ከተራ ነው።

ታኅሣሥ 16 ቀን ብቻ ልደትን የሚያከብር ቤተሰብ ካለ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ በራሱ ሥርዓት ይሂድ። የጸሐፊው ምክር ግን ሁላችንንም የሚመለከት ሆኖ ነው የቀረበው።

«ዛፉ ይደርቃል፤ እሳት ያስነሣል»

እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ውኃ ያላገኘ የተቆረጠ ዛፍ ቤት ውስጥ ካለ ደረቅ አየር ጋር ሲገናኝ ጭድ ይሆናል፤ በእሳት የተያያዘ እንደሆነ ሙሉ ሳሎን የሚነድደው በሰከንዶች እንጂ በደቂቃዎች አይደለም። በዚህ ነገር ቸልታን ማንም አይምከር፤ እኔም አልመክርም። ነገር ግን ዛፉን የሚያደርቀው ጃንዋሪ 1 የሚባል ቀን አይደለም። የሚያደርቀው ከተቆረጠ በኋላ ያለፈው ጊዜና ያጣው ውኃ ነው። በደንብ የተያዘ ዛፍ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። በኖቬምበር መጨረሻ፣ የምስጋና ቀን ባለፈ ማግስት ዛፍ የገዛ ሰው ለጃንዋሪ 7 ስድስት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህ በእርግጥ ረጅም ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ዛፉን ዘግይቶ መግዛት። በዲሴምበር አጋማሽ የተገዛ ዛፍ በልደት ዕለት የሦስት ሳምንት ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል። በዚያ ላይ ዲሴምበር 25 እየቀረበ ሲመጣ ሻጮቹ በእጃቸው የቀረውን በርካሽ መልቀቅ ስለሚጀምሩ ገንዘብም ይተርፋል። ጾሙ ሳይጋመስ ቤት ማስጌጥ ለማይዋጥላቸው ወላጆችና አያቶችም ይህ መንገድ ይሻላል።

አያያዙን ላስረዳ፤ ጸሐፊው ስለ አደጋው ብቻ ተናግረው ይህን ስለተዉት ነው። ዛፍ ስትገዙ ከግንዱ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አስቆርጡ። የተቆረጠው ቦታ በሰዓታት ውስጥ በራሱ ሙጫ ይደፈናል፤ ከተደፈነ በኋላ ውኃ ቢቀርብለትም አይጠጣም። ወዲያው መቆሚያው ላይ አድርጋችሁ ውኃ ሙሉለት። በመጀመሪያው ቀን እስከ አራት ሊትር ሊጠጣ ስለሚችል ማታ የሞላችሁት መቆሚያ ጠዋት ባዶ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ፤ ግንዱ ከውኃ በላይ እንዳይቀር በየቀኑ ተመልከቱ። ከማሞቂያው አፍ አርቁት። ስትተኙና ከቤት ስትወጡ መብራቱን አጥፉ። በየሁለት ቀኑ አንድ ቅርንጫፍ በጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ ወደ ጫፉ ሳቡ። ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ከቀረ፣ ወይም ግንዱን ስትነቀንቁት መሬት ላይ ከተበተነ፣ ልደት ነገ ቢሆንም እንኳ ዛፉን ዛሬውኑ አውጡት። በዚህ ድርድር የለም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፤ የቡናችን ሥርዓት። ስለ ገና ዛፍ እሳት በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ማስጠንቀቂያዎች ሻማንና የምድጃ ቤትን ይጠቅሳሉ፤ የእኛን ሳሎን አያውቁትም። በልደት ጠዋት ቄጠማ ወይም የፕላስቲክ ሣር ይነጠፋል፤ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ቡናው ይቆላል፤ ፍም ላይ ዕጣን ይደረጋል፤ ልጆች በመካከሉ ይሮጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ረከቦቱ የሚቀመጠው ሳሎኑ ካለው ጌጥ አጠገብ፣ ማለትም ከዛፉ ሥር ነው፤ ፎቶ ሲነሡ ያምራላ። ከሰሉም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ የዕጣን ማጨሻውም ጭምር ከዛፉ በተቃራኒው ጥግ ይሁን። ሰው ሠራሽ ዛፍ ላለውም ይኸው ነው፤ ፕላስቲኩ እንደ ጽድ አይደርቅም እንጂ ፍም ከወደቀበት መቅለጡና መቀጣጠሉ አይቀርም። በየአፓርታማው የምንኖር ብዙዎቻችን ሕንፃው የተቆረጠ ዛፍ ስለማይፈቅድ ሰው ሠራሹን ነው የምናቆመው፤ ስለዚህ ዛፉ ይደርቃል የሚለው ክርክር አብዛኛውን አንባቢያቸውን አይነካውም።

«የከተማው መኪና ያመልጣችኋል»

የተቆረጡ ዛፎችን ከየቤቱ ደጃፍ የመሰብሰቡ ሥራ በብዙ የአሜሪካ ከተሞችና ካውንቲዎች የሚካሄደው በጃንዋሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትና ከዚያም በኋላ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ዋናው ስብሰባ የሚጀምረው ራሱ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ዛፉን ጃንዋሪ 8 ቀን ደጃፍ ያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። የምትኖሩበትን ካውንቲ የጊዜ ሰሌዳ አስቀድማችሁ እዩ። እስከ ጥምቀት ዋዜማ ማቆየት የሚፈልግና መኪናው ያለፈበት ሰው ደግሞ ራሱ ጭኖ የሚያደርስባቸው መቀበያ ቦታዎች በብዙ አካባቢ አሉ፤ ዛፉ ተፈጭቶ ለመናፈሻና ለጓሮ አፈር ልባስ ይሆናል። በሁሉም ዘንድ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ መብራቱ፣ ጌጡ፣ የብረት መቆሚያውና የፕላስቲክ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። አንድ የተረሳ የመብራት ገመድ ማሽኑን ያበላሻል።

በዚህ ነጥብ ሥር ጸሐፊው የውጭ ጌጥንም አንሥተዋል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር የውጭ መብራት በጃንዋሪ ውስጥ እስከተወሰነ ቀን እንዲነሣ የሚያዝ ደንብ ሊኖር ይችላል፤ ደንቡ ይከበር። በር ላይ የተሰቀለውን አክሊልና የጣሪያውን መብራት አውርዱ፤ ሳሎናችሁ ግን የእናንተ ነው።

«መብራቱ ገንዘብ ይበላል»

ይህን እናስላው። አንድ መቶ አምፖል ያለው የኤልኢዲ ገመድ አምስት ዋት ያህል ይወስዳል። ሦስት ገመድ በቀን ስድስት ሰዓት ቢበራ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ 18 ባለው ጊዜ የሚፈጀው ከሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። በአሜሪካ ዋጋ ሠላሳ ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። የድሮው ዓይነት የሚሞቅ አምፖል ከሆነ ሁለት ዶላር ቢያልፍ ነው።

«ጌጥ ማቆየት ገደ ቢስ ነው»

ይህ እምነት ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ በዚያም ቢሆን ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ነው እንጂ ጃንዋሪ 1 አይደለም። የዚያው አገር ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ደግሞ በሳንድሪንግሃም መኖሪያቸው የነበረውን የገና ጌጥ አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1952 እስካረፉበት ዕለት መታሰቢያ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 6 ድረስ ሳያስነሡ ያቆዩት እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። የልደትን በዓል የሚያከብር ክርስቲያን ግን በገድ አምኖ ቤቱን ሊያስተዳድር አይገባውም፤ ከዚህ በላይ በዚህ ነጥብ አልቆይም።

«ዛፉ ድሮውንም የእኛ አይደለም»

በመጨረሻ ያስቀመጡት ይህ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚመረምሩት ቢሆን ደስ ባለኝ። ዛፉ የእኛ አለመሆኑ እውነት ነው። የተጀመረው በጀርመን ምድርና በአካባቢው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1605 በስትራስቡርግ ከተማ ሰዎች ጥድ ሳሎናቸው ውስጥ አቁመው ከወረቀት የተሠራ ጽጌረዳና ፖም ይሰቅሉበት እንደነበር ተጽፏል። ፖሙ የመጣው ከዲሴምበር 24 ነው፤ ዕለቱ በምዕራቡ ልማድ የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበርና በዚያ ቀን የገነትን ዛፍ የሚያሳይ ጨዋታ ይቀርብ ነበር። የጌታን ልደት ለአዳም ከተሰጠው ተስፋ፣ ከአምስት ቀን ተኩል (የ5500 ዘመን) ቃል ኪዳን ጋር አያይዘን ለምናስተምር ለእኛ ይህ ታሪክ ባዕድ ሊሆንብን አይችልም። ልጆቻችን ዛፉ ላይ ቀይ ኳስ ሲሰቅሉ ስለ አዳም ልንነግራቸው እንችላለን፤ ከገና አባትና ከአጋዘኖቹ ይህ ይሻላቸዋል።

አገር ቤትም ዛፉ ከገባ ቆይቷል። በአዲስ አበባ በየመንደሩ የጽድ ቅርንጫፍ ተገዝቶ በጣሳ አፈር ላይ ይተከል ነበር። በረዶ ለማስመሰል ጥጥ ይበተንበታል፤ ፊኛ ይታሰርበታል፤ ፖስት ካርዱ በክር ይደረደራል። ያ ዛፍ የሚቆመው ለታኅሣሥ 29 ነበር፤ ለሌላ ቀን አልነበረም። ዛሬ ትልልቅ ሆቴሎች ለፈረንጆቹ ገና ብለው ቀደም ብለው ቢያቆሙትም እስከ እኛ ልደት ያቆዩታል። ባዕዱን ዛፍ ከራሱ በዓል ጋር ማስማማት ያወቀ ሕዝብ ባሕር ሲሻገር ይህን ለምን ይረሳዋል?

ልደት ያለ ዛፍ ሙሉ ነው። ላሊበላ ላይ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» የሚዘምሩት ካህናት ዛፍ አላስፈለጋቸውም። ቤቱን በቄጠማና በዕጣን ብቻ የሚያደምቅ ቤተሰብ አንዳች አልጎደለውም፤ እንዲያውም አከብረዋለሁ። ጸሐፊው «ዛፉ የእኛ አይደለምና አናቁመው» ቢሉ ኖሮ ሊከራከሩበት የሚገባ አቋም ይዘዋል እላለሁ። እርሳቸው ግን ለዲሴምበር 25 አቁሙት፣ ለታኅሣሥ 29 ግን ባዕድ ነውና አንሡት ነው የሚሉት። ባዕድነቱ ለአገሬው በዓል ሲሆን ተረስቶ ለእኛ በዓል ሲሆን ብቻ እንዴት ይታወሳል? ዛፉ መቆም የለበትም የሚሉ ከሆነ ክርክሩን ዛፍ ከመገዛቱ በፊት፣ ጾሙ ሲገባ በኅዳር ያንሡት፤ ያኔ ምናልባት አብሬያቸው እቆም ይሆናል።